ለኮርኒስ የተሰነጠቀው ዋንዛዬ

ኮርኒስ የሚመርጠው ቆሞ የሚሄድ ሰው ነው፤ የሚያየው ግን የተኛ ሰው ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅ። በሰው ቤት ተኝቼ ተኝቼ ያወቅሁት ነገር ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። መራዊ ታላቁ ልጄ ዘንድ እከርማለሁ፤ ከዚያ ተነሥቼ ባሕር ዳር ሴቷ ልጄ ዘንድ እመጣለሁ፤ ጀልባ ሲገኝ ደግሞ ወደ ደቅ ደሴት ተሻግሬ ታናሽ እኅቴን እጠይቃለሁ። የሄድሁበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ ፍራሽ ይነጠፍልኛል፤ አሮጊት ናት፣ መንገድ አድክሟታል፣ ትረፍ ይላሉ። ጋደም ስል ዓይኔ ወደ ላይ ነው።

ያደግሁበት ቤት ኮርኒስ የሚባል ነገር አያውቅም። ሣር ክዳን ነበር፤ ማገሩና ወራጁ በጢስ ጠቁሮ እንደ ጠርሙስ ያብለጨልጫል። ሲያመኝ እናቴ መደብ ላይ ታስተኛኛለች፤ ጥቀርሻው እንደ ክር ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። ካገባሁ በኋላ ቤታችን ቆርቆሮ ለበሰ፤ ባለቤቴ የማዳበሪያ ከረጢት እየሰፋ ከሥሩ ወጠረልኝ። የከረጢቱ ጽሕፈት ወደ ታች ነበር። ያኔ ፊደል አላውቅ፤ አራስ ቤት ሳለሁ ግን ያን ጽሕፈት ሳይ ሳይ ቅርጹን በልቤ ያዝሁት። አይጥ ሲሮጥበት ሆዱ ወረድ ቀና፣ ወረድ ቀና ይላል። መራዊ ያለው ቤት አሁን አቡጀዴ ተወጥሮበት ኖራ ተቀብቷል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ቡናማ ክብ ትቶበት ይሄዳል። እነዚያን ክቦች ከዘመዶቼ ፊት ይልቅ አውቃቸዋለሁ።

ይህን ማውራቴ ለኮርኒስ አዋቂ ነኝ ለማለት አይደለም። የተቆጣሁበትን ነገር ልናገር ብዬ ነው። ሰው ሁሉ ገራገር ናት ይለኛል፤ ልጆቼም፣ ጎረቤቶቼም፣ የንስሐ አባቴም። ልክ ናቸው። ገራገር ሰው ሲቆጣ ግን ቁጣውን የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም። እኔም ማስቀመጫ አጣሁለትና፣ በስተርጅና ከልጅ ልጆቼ በለቃቀምኋት ፊደል ወደ ወረቀት አመጣሁት።

ሴቷ ልጄና ባሏ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር፣ ቤት ሠሩ። ሁለቱም የመንግሥት ደመወዝ ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እሷ ኮሌጅ ታስተምራለች፣ እሱ ቢሮ ይሠራል። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ምድሩን ካፌ ሊከፍቱበት፣ ፎቁን ሊኖሩበት አሰቡ። መሠረቱ ሲጣል፣ ግድግዳው ሲቆም፣ ጣራው ሲመታ ፍቅር ነበሩ። ጭቅጭቁ የመጣው ኮርኒሱ ላይ ሲደርሱ ነው።

አማቼን እርስዎ ነው የምለው፤ እሱም እኔን እርስዎ ነው የሚለኝ። በእኛ አገር አማትና አማች አንተ አንቺ አይባባሉም። እዚህ ግን «እሱ» እያልሁ ነው የምጽፈው፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይታያል።

እሱ ለካፌው እውነተኛ እንጨት ፈለገ። ሐይቁ ዳር የተከፈተ አንድ ቤት አይቶ መጥቶ ልቡ ጠፋ። ኮርኒሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጣውላ ነው፤ መብራቱ በጣውላው መካከል ተደብቆ እንደ ማለዳ ብርሃን ይፈስሳል አለ።

«ሰው እዚያ ማኪያቶ ፈልጎ መሰለሽ የሚሄደው?» ይላታል ልጄን። «ማኪያቶማ የትም አለ። ቀና ብሎ አይቶ ፎቶ ሊነሣ ነው።»

«ችፑዱስ? የእንጨት መልክ ያለው አለ እኮ» ትለዋለች።

«የሐይቁ እርጥበት በአንድ ክረምት ያሳብጠዋል። ደግሞ ሰው ያውቃል፤ በዓይኑ ይነካዋል።»

«ለመኝታ ቤታችንስ?»

«ለመኝታ ቤት ነጭ ጅብሰም ይበቃል። ማን ያየዋል?»

ማን ያየዋል! እኔ ጥግ ላይ ጥጥ እየፈተልሁ ሰማሁ። ሰው ያገባበት፣ የወለደበት፣ የታመመበት ክፍል ማንም የማያየው ሆነ፤ መንገደኛ ቀና ብሎ የሚያልፍበት ደግሞ እንጨት ይገባዋል። እንዝርቴ ከእጄ ወደቀ። ግን ቤቱ የእነሱ ነው፤ እንዝርቴን አንሥቼ መፍተሌን ቀጠልሁ። ይህ ሁሉ ገና ጾሙ ሳይገባ ነበር። ጾሙ ሲገባ ስንቄን ቋጥሬ ወደ ደቅ ተሻገርሁ። ዐቢይ ጾምን እኅቴ ዘንድ መጾም ልማዴ ነው።

አሁን ስለ ዋንዛው መናገር አለብኝ።

መራዊ ካለው ቤታችን ጓሮ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበረን። አበባው ሲፈነዳ ዛፉ በረዶ የወረደበት ይመስላል፤ ንቡ ደግሞ እንደ ቅኔ ማኅሌት ያዜምበታል። ባለቤቴ ንብ አርቢ ነበር። የቀፎውን ገመድ የሚያስርበት ብረት ግንዱ ላይ ቀጥቅጦ ተከለ፤ ዛፉም ዓመት በዓመት እየወፈረ ብረቱን ዋጠው፤ በመጨረሻ ጫፉ እንኳ አይታይም ነበር። አንድ ክረምት ነፋስ ዛፉን ከሥሩ ነቀለው። እኛ አልቆረጥነውም። ባለቤቴ ሬሳ እንደሚጠብቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ ዋለ፤ ማግሥቱን መጋዝ ጎትተው የሚሰነጥቁ ሰዎች አምጥቶ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከጉድጓድ ሆነው ጣውላ አወጡት።

«ይህ ለእኔና ለአንቺ ነው» አለኝ።

«ምን ልናደርገው?»

«ሣጥን። ማሩን እስኪሰለቸን በላንለት፤ አሁን ደግሞ እሱ ይሸፍነን።»

ጎረቤት ሳቀብን። በእኛ አገር የቀድሞ ሰው በሰሌን ተጠቅልሎ ነው የሚቀበር፤ ሣጥን የኋላ ነገር ነው። እኔም ስቄ ነበር። ግን እሱ ሲሞት ጣውላው ከቆጥ ወረደ፤ በዚያው ጠዋት ሣጥኑ ተመትቶ አለቀ፤ ቤቱ ዋንዛ ዋንዛ ሸተተ። ቀብር ላይ ያን ሽታ እያሸተትሁ፣ ይህ ሰው ጓሮው ውስጥ ነው ያለው እንጂ የትም አልሄደም አልሁ በልቤ። የእኔ ድርሻ ከዛፉ ትርፍ ጣውላ ሁሉ ጋር ተመልሶ ቆጥ ላይ ወጣ። ዓመት በዓመት አስወርጄ አቧራውን እጠርገዋለሁ፣ ምስጥ እንዳልነካው አያለሁ፣ መልሼ አስወጣዋለሁ። መግነዜንም ራሴ ፈትዬ አሸምኜ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። የሚያስፈራ ነገር የለውም። ሙሽራ ልብሷን አታዘጋጅም? እንደዚያው ነው።

ሴቷ ልጄ ግን ይህን ነገር ከልጅነቷ አትወደውም። ሽንኩርት ከቆጡ አውርጂ ስትባል ወንድሜ ያውርድ ትላለች። «ሣጥን» የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም። «ያ ነገር» ነው የምትለው። «እማዬ፣ ያን ነገር ለምን አትሸጭውም? ሟርት ነው እኮ!» ትለኛለች። ሟርት ማለት ክፉን ነገር በአፍ መጥራት ነው፤ የጠሩት ይመጣል ይባላል። እኔም እስቅባትና እተዋታለሁ። አሁን ሳስበው ያን ጊዜ መሳቅ አልነበረብኝም።

ፋሲካን ደቅ ውዬ በጀልባ ተመለስሁ። ወደቡ ላይ ልጄ በባጃጅ መጥታ ትጠብቀኛለች። ትከሻዬን ሳመችኝ፤ መልሳ ሳመችኝ፤ አሁንም ሳመችኝ። ስሞሽ በዛብኝ።

«ደህና ነሽ ልጄ? ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ናፍቀሽኝ ነዋ።»

ቤት ሄጄ እግሬን ልታጠብ ስል፣ ባጃጁ ወደ አዲሱ ቤት ታጠፈ። አማቼ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቃል፤ አናጢውም አለ። ካፌው በሚሆነው አዳራሽ ግድግዳ ሥር የእንጨት ቁራጮች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ ክንድ ክንድ ያህል።

«እማዬ፣ አንቺ ምረጪልን» አለች ልጄ።

እውነቱን ልናገር፤ ልቤ ሞቀ። የወለሉ ሸክላ ሲገዛ፣ የበሩ ቀለም ሲቀባ ማን ጠየቀኝ? ማንም። አሁን ግን ኮርኒሱን ምረጪ ተባልሁ። ነጠላዬን ወደ ኋላ ጣልሁና ቁም ነገሬ ብዬ ገባሁበት። አንድ በአንድ አነሣሁ፤ ዳሰስሁ፤ አሸተትሁ፤ በጣቴ አንጓ አንኳኳሁ።

አናጢው ታጋሽ ሰው ነው፤ እየተከተለ ያስረዳኛል። «ይኸ ከውጭ የሚመጣው ነው እማማ። ይኸ ባሕር ዛፍ ነው፤ ጠንካራ ነው ግን ይጣመማል። ይኸኛው ችፑድ ሆኖ የእንጨት ሥዕል የተለጠፈበት ነው።»

«ሥዕሉማ ያምራል፤ ሽታው የሙጫ ነው» አልሁ።

ሳቁ። የመጨረሻውን አነሣሁ። አዲስ ተልጎ የማር መልክ አውጥቷል። እንደ ሕፃን ራስ ነው ያሸተትሁት።

«ዋንዛ ነው እንጂ!» አልሁ። «ሌላ ምን ይመረጣል? አይነቅዝ፣ አይከብድ። ከበሮ ከእሱ የሚሠራው ለምን ይመስላችኋል? ድምፅ ያውቃል። ከሥሩ ሰው ሲያወራ እንኳ ያምርበታል።»

«አለቀ!» አለ አማቼ፣ እጁን አጨብጭቦ። «እማማ መረጡ! አለቀ፣ አለቀ!»

«ዛሬ ዋንዛ ከየት ተገኘ? ይኸን ያህል አዳራሽ የሚሸፍን?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሰው አለን፤ ከገጠር» አለ።

ወደ ልጄ ዞር ስል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። አቧራው ገብቶባት ነው አልሁ። አናጢው ከፍታውን ለካ፤ ዋንዛ ጠቆር ስለሚል ጣሪያውን ዝቅ ያስመስለዋል፣ ስለዚህ በስፋቱ ሳይሆን በርዝመቱ እንምታው፣ ሰፊውም ጣውላ ስለሚሰባበር ጠባብ ጠባብ አድርገን እንሰንጥቀው፣ እያንዳንዱ በሌላው ጎን እየገባ ይያያዛል አለ። እኔም እንደ አዋቂ ራሴን ነቀነቅሁ። ያን ዕለት ምሳ ስበላ ቀርቶ ውኃ ስጠጣ እንኳ ፊቴ ፈገግ ብሎ ነበር። ተጠየቅሁ እኮ!

ከዚያ ሰንበት አልፎ፣ ቤት መቀመጥ ሲሰለቸኝ ነጠላዬን አጣፋሁና በእግሬ ወደ ሥራው ሄድሁ። የመረጥሁት ነገር ሲሠራ ልይ ብዬ ነው። ከአጥሩ ውጭ ሆኜ የመላጊያውን ጩኸት ሰማሁ፤ ደስ አለኝ። በሩን ስገፋ ጩኸቱ ተለወጠ፤ ጥርስ እንደሚያሳክክ ሆነ። አናጢው መላጊያውን አጥፍቶ ወረወረው።

«ብረት! ይኸው ምላጩን በላው! እንጨት ውስጥ ብረት የሚተክል ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ቀረብ ብዬ አየሁ። ሰፊ ጣውላ ነው። መካከሉ ላይ የብረት ጫፍ ብልጭ ይላል፤ ዙሪያው እንደ ዓይን ጠቁሯል።

«ማን እንደተከለው እኔ አውቀዋለሁ» አልሁ።

«ምን አሉ እማማ?»

«ባለቤቴ ነው። የቀፎውን ገመድ ሊያስርበት።»

አናጢው አልገባውም። ጣውላውን አየ፣ እኔን አየ። «ታዲያ ይህ እንጨት የእርስዎ ነው?»

«የሣጥኔ ነው።»

ኮፍያውን አወለቀ። አማተበ። «እማማ፣ በማርያም፣ እኔ አልተነገረኝም» አለ። አመንሁት። ዙሪያዬን ሳይ ግን የቀረው ጣውላዬ ከሞላ ጎደል ተሰንጥቆ፣ እንደ እንቧጮ እንጨት ቀጫጭን ሆኖ፣ በላስቲክ ታስሮ ተደርድሯል። መሬቱ ሁሉ የዋንዛ ፍቅፋቂ ነው። ያ የቀብር ዕለት ሽታ አፍንጫዬን መታው።

መጮህ አላውቅበትም። ስለዚህ ተቀመጥሁ። ገና ባልተሰነጠቀው ክምር ላይ ወጥቼ ቂጢጥ አልሁ፤ እንዝርቴን ከጉያዬ አወጣሁ፤ መፍተል ጀመርሁ። አናጢው ሥራውን አቆመ፤ ምን ያድርግ? ስልክ ደወለ። ልጄ ትምህርቷን አቋርጣ በባጃጅ መጣች፤ እጇ ላይ ጠመኔ አለ።

«እማዬ፣ ፀሐይ ነው፤ ተነሺ።»

«አልነሣም።»

«ሰው ያያል እኮ!»

«ይይ። ምን ላይ እንደተቀመጥሁ ንገሪኝና እነሣለሁ።»

«ጣውላ ላይ ነዋ።»

«የምን ጣውላ?»

«የዋንዛ።»

«የምን ዋንዛ?»

«እማዬ፣ በእናትሽ!»

«በእናቴ አትለምኚኝ። እሷ በሰሌን ነው የተቀበረች፤ እንጨት የወሰደባት የለም።»

ልታለቅስ ስትል ባሏ ደረሰ። እሱ አላለቀሰም። እየሳቀ ነው የገባው፤ አሮጊት የምታኮርፈው ትንሽ ነገር መስሎት።

«እማማ፣ ምነው? እርስዎ እኮ ነዎት የመረጡት! ሁላችንም ቆመን እያየን! ዋንዛ ነው እንጂ ብለው አልነበር?»

«አንተ!» አልሁት።

ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥሁ። ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። ይህን ሁሉ ዘመን እርስዎ ስለው የኖርሁት ሰው ነው፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ክርስትና ዕለት እንኳ፣ በደስታ እየዘለልሁ፣ እርስዎ ነው ያልሁት። ግን ከወጣ ወዲያ መመለሻ የለውም።

«አንተ ሰው! ለሬሳዬ ያስቀመጥሁትን አስሸትተህ አስመረጥኸኝ? በግ እንኳ ይታረዳል እንጂ ቢላዋ ምረጥ አይባልም!»

ሳቁ ጠፋ። ግን የተማረ ሰው መልስ አያጣም። «እማማ፣ ይረጋጉ። ሣጥን ዕድሩ ይሰጥ የለም?»

«የዕድሩን ሣጥን አውቀዋለሁ። ሳንቃውን በጨርቅ ሸፍነው ጥብጣብ ይመቱበታል። ለካፌህ የጠላኸውን ነው ለእኔ የምትመርጥልኝ?»

«ደግሞ ያስቡት» አለ፣ «መሬት ውስጥ የምስጥ ቀለብ ከሚሆን፣ ሰው ሁሉ ቀና እያለ ሲያደንቀው ቢኖር አይሻልም?»

«የምስጥ እንደሚሆን አላውቅም ብለህ ነው? እኔም የምስጥ ነኝ። አብረን ልንሄድ ነበር የተቀጣጠርነው።»

ስልኩን አወጣ፣ የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ሁሉ እያየው ወጥቶ ሄደ። እኔ እዚያው መራዊ ደወልሁ፤ ታላቁን ልጄን።

«አንተስ ምን ብለህ ሰጠህ?»

«እማ! ፈቅዳለች ተብዬ ነው እንጂ! እኅቴ ደውላ፣ እማ ራሷ ለኮርኒስ ይሁን ብላለች ስትለኝ፣ መኪና ላይ ጫንሁላቸው። ምነው?»

ስልኩን ዘጋሁት። ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኔ ሐይቅ ማዶ ስሰግድ እንጨቴ መኪና ላይ ይጫናል። ከዚያ ወዲያ ነው ምረጪ የተባልሁት።

ፀሐዩ ዞረ። አናጢው ከጀርባዬ ላስቲክ ወጥሮ ጥላ ሠራልኝና ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ልጄ መሬት ላይ ፍቅፋቂው መካከል ቁጭ አለች፤ የአስተማሪ ልብሷ ነጭ ነጭ ሆነ። ቀጥላ ተነሥታ አጠገቤ፣ ጣውላው ላይ ተቀመጠች። ስትቀመጥ እሳት ላይ የምትቀመጥ ነው የምትመስለው።

«የሣጥንሽን...» አለች፤ ቆመች። «የሣጥንሽን እንጨት ወሰድሁብሽ።»

አንድ ጊዜ ስትለው የቀረው እየጎረፈ መጣ። አባቷ የሞተ ጊዜ ጓሮ ተደብቃ መዶሻውን ስትሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመራዊ ስልክ በተደወለ ቁጥር መጀመሪያ የምታየው ያ ጣውላ ከቆጥ ሲወርድ ነው። «እሱ ለካፌው አሰበ። እኔ ግን ለካፌ አይደለም፤ ከዚያ ቆጥ ላይ ብቻ ይውረድ አልሁ። እንጨቱ ከሌለ አንቺም... ሞኝ ነኝ፤ አንቺም የማትሞቺ መሰለኝ። ለወንድሜ ዋሸሁ። ኋላ ደግሞ፣ አንቺ ከመረጥሽው ውሸቴ እውነት ይሆናል ብዬ ነው ያን ያስመረጥሁሽ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሲሰማ ያቅፋት ነበር። እኔ አላቀፍኋትም። ይልቅ ቁጣዬ ባሰበት፤ ምክንያቱም አሁን መልክ አገኘ።

«መውደድሽን አልጠላሁም» አልኋት። «ግን አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ እማዬ ፈራሁ ብትይኝ ምን ነበር? ሟርት ነው እያልሽ አፌን ዘጋሽ፤ የራስሽንም ዘጋሽ፤ ተዘግቶ ተዘግቶ ይኸው ሌብነት ወለደ። ሰው ስለ ገዛ ሞቱ ካልተጠየቀ ምኑን ይጠየቃል? የኮርኒስ ቀለም?»

እኔም ተነሣሁ፤ ቃሉን ከተናገረች እነሣለሁ ብዬ ነበርና።

ማግሥቱን ከአናጢው ጋር የቀረውን አየን። አንዱን ስንጥቅ አንሥቶ፣ «እማማ፣ ልዋሽዎ አልችልም፤ ይህ ከእንግዲህ ሣጥን አይሆንም» አለኝ። ሳይሰነጠቁ የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ብረቱን የዋጠው ጣውላና አብረውት የተከመሩት። ብረቱ ምላጩን ከበላበት ወዲያ እነዚህንም ማሽን ውስጥ ማስገባት ፈርቶ ወደ ዳር አድርጓቸዋል። የባለቤቴ ብረት፣ ከሞተ በኋላ እንኳ፣ ጠበቀልኝ።

«ለምን ይበቃል?» አልሁት።

በክንዱ ለካ። ቀና ብሎ አየኝና ቁመቴን በዓይኑ ለካ፤ ወዲያው አፈረ። «ለክዳኑ ይበቃል» አለ።

አሰብሁ። ጎኑና ወለሉ ከፈለጉት እንጨት ይሁን፤ የተኛ ሰው የሚያየው ወደ ላይ ነው። «ክዳኑን በእጅህ ላገው። ብረቱን አታውጣው» አልሁት።

ከዚያ ሁለቱንም ጠራኋቸውና በቁማቸው ነገርኋቸው። ካፌው ላይ አንዲት ስንጥቅ አትወጣም። የተሰነጠቀው ሁሉ የእነሱ መኝታ ቤት ላይ ይመታል፤ ከአልጋቸው በላይ።

«ለመኝታ ቤት?» አለ አማቼ። የካፌው ነገር እንደ እሾህ ወግቶታል። «እማማ፣ እዚያ ማን ያየዋል?»

«አንተ ታየዋለህ» አልሁት።

እንደዚያው ተደረገ። ካፌው ተከፍቷል፤ ኮርኒሱ የእንጨት ሥዕል የተለጠፈበት ችፑድ ነው። ሰው ገብቶ ማኪያቶውን ያዛል፤ ቀና ብሎ «ወይ ሲያምር! ዋንዛ ነው?» ይላል፤ ፎቶ ይነሣል። አማቼም «አዎ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ እዚያ ገብቼ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም፤ አልጠጣምም። ሽማግሌ ገብቶ አስታርቆናል፤ በአፌ እርስዎ ማለት ጀምሬአለሁ። በጽሑፍ ግን ገና ነኝ።

ሰሞኑን መንገዱ ሰላም ሲሆን ልጠይቃቸው መጣሁና ወባ ያዘኝ። ልጄ ከመንቀጥቀጤ የተነሣ ወደ እንግዳ ክፍሉ እስክትወስደኝ አልጠበቀችም፤ የእነሱ አልጋ ላይ አስተኛችኝ፤ ከሰዓት ነበር። ብርድ ልብስ ደራርባ ጎኔ ጋደም አለች። ትኩሳቱ መለስ ሲልልኝ ዓይኔን ገለጥሁ። ዋንዛዬ ከላዬ ነው። ስንጥቆቹ ተያይዘው በርዝመታቸው ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሐይቁ በኩል ይሄዳሉ። ከብረቱ አጠገብ የነበረው ጣውላ ጥቁር ጠባሳው ተከፋፍሎ፣ አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ ወድቋል። በዓይኔ እየለቀምሁ ልገጥመው ሞከርሁ፤ አልገጥም አለኝ። አናጢውን ጠርቼ ቀሪውን የት አደረግኸው ብዬ ልጮህበት አማረኝ።

«እማዬ፣ ነቃሽ?»

«ነቅቻለሁ።»

እሷም ወደ ላይ እያየች ነበር። «ያምራል እኮ» አለች።

«እኔው አይደለሁ የመረጥሁት?»

አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁ። ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ ዘመድ እንደሚጠየቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«የሣጥኑ ክዳን ደህና ነው?»

«መራዊ፣ ቆጡ ላይ ነው። ደህና ነው።»

«ክረምት ሳይገባ እመጣለሁ። አብረን አውርደን እንጠርገዋለን። እኔ እወጣለሁ ቆጡ ላይ።»

የመሰላሉን እርከን ስትፈራ የኖረች ልጅ ናት። ቁጣዬን ፈለግሁት፤ እንዳለ ነው፣ ከጎድኔ ሥር። በእጇ ግንባሬን ዳሰሰች፤ እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ ደስ አለኝ፤ ግን አልነገርኋትም።

«እናያለን» አልኋት።